ከሐኪሙ በስተግራ

ቅዳሴ ያስቀደሰ ሰው ወደ ቤቱ ሲመለስ በዓይነ ኅሊናው ይዞት የሚሄደው ሠራዒውን ካህን ነው፤ ጸሎቱን የሚመራው፣ ኅብስቱን የሚባርከው፣ ሕዝቡን የሚያቈርበው እርሱ ነውና። ነገር ግን ቅዳሴ በአንድ ሰው አይፈጸምም፤ አምስት ልዑካን ካልተሟሉ አይገባበትም፤ ከአምስቱም መካከል ድምፁ ብዙ የማይሰማ፣ መብራት ይዞ የሚቆም፣ ለእጅ መታጠቢያ ውኃ የሚያቀርብ አንድ ወጣት አይታጣም። እኔ በልጅነቴ በጎጃም ያ ወጣት ነበርኩ። ዕድሜዬ ገፍቶ ከአገሬ ከራቅሁ በኋላ ደግሞ፣ በዋሽንግተን ከተማ ከሚገኝ ከአንድ የሕፃናት ሐኪም ቤት በድንገተኛ ክፍል፣ ነርሷ በራስጌ፣ ሐኪሙ በስተቀኝ ሲቆሙ፣ በስተግራ ቆሜ የታመመውን ልጅ የምይዘው ሰው ሆንኩ። የሥራው ስም በወረቀት ላይ ሲጻፍ ረዥምና ግርማ ያለው ነው፤ የድንገተኛ ሕክምና ቴክኒሻን ይባላል። በተግባር ሲታይ ግን ልጅ መመዘን፣ ትኩሳት መለካት፣ ቃሬዛ መግፋት፣ ጄሶ ለሚያስረው ሐኪም እግር ደግፎ መቆም፣ ትውከት መጥረግ፣ አንዳንድ ጊዜም፣ እግዚአብሔር ያርቀው እንጂ፣ የቆመ ልብ በእጅ እየተጫኑ እንዲነሣ መለመን ነው።

ወደዚህ ሥራ የገባሁት በመንፈስ ተጠርቼ ነው ብል ሐሰት ይሆንብኛል። በዚያ ከተማ እንደ ነበሩት እንደ ብዙዎቹ ያገሬ ልጆች፣ እኔም ከምድር በታች በተሠራ የመኪና ማቆሚያ ቤት በመስተዋት በታጠረች ጠባብ ክፍል ተቀምጬ ቲኬት እሰጥ ነበር፤ ፀሐይን የማያት በዕረፍት ቀኔ ብቻ ነበር። ታክሲ የሚነዳ አንድ ወዳጄ፣ ማታ ማታ በአንድ ኮሌጅ የሚሰጥ ትምህርት መኖሩን፣ ከ100 ሰዓት ጥቂት የሚበልጠውን ትምህርት ጨርሶ ፈተናውን ያለፈ ሰውም በአምቡላንስ ወይም በሐኪም ቤት ሥራ እንደሚያገኝ ቢነግረኝ፣ መዝሙረ ዳዊትን በቃሉ የሚዘልቅ ሰው ይህን ያህል መጽሐፍ አያቅተውም ብዬ ተመዘገብኩ። መጽሐፉ በእርግጥ አላቃተኝም፤ ያስቸገረኝ የክፍል ጓደኞቼ ሁሉ ልጆቼ ሊሆኑ የሚችሉ መሆናቸውና በልምምድ ጊዜ ሁልጊዜ እኔን በሽተኛ አድርገው ማስተኛታቸው ነበር።

መምህራችን በእሳት አደጋ መከላከያ አገልግሎ ጡረታ የወጣ ሽማግሌ ሲሆን፣ የሙያውን ታሪክ ሳያወሳ ፋሻ መጠምጠም እንኳ አያስተምርም ነበር። በ1966 ዓ.ም. እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ ባወጣው ዝነኛ ዘገባ፣ በዚያን ጊዜ በአገሪቱ ከነበረው የአምቡላንስ አገልግሎት እኩሌታ ያህሉን ይሰጡ የነበሩት አስከሬን ገናዦችና ቀባሪዎች እንደ ነበሩ ከእርሱ ሰማሁ፤ ምክንያቱም ሰውን አስተኝቶ የሚወስድ ረዥም መኪና የነበራቸው እነርሱ ስለ ሆኑ ነው። ድውዩን ወደ ሐኪም፣ ሙቱንም ወደ መቃብር የሚያደርሰው አንድ መኪናና አንድ ነጂ ከሆነ፣ ነጂው ለየትኛው ጉዞ እንደሚቸኩል እግዚአብሔር ይወቀው። ይህን ነገር ከለወጡት መካከል በፒትስበርግ ከተማ ሂል በሚባለው የጥቁሮች ሰፈር፣ ለሥራ አይበቁም ተብለው የተተዉ ወጣቶች ይገኙባቸዋል። በ1967 ዓ.ም. ፍሪደም ሃውስ በሚል ስም የተቋቋመውን አምቡላንስ ይዘው፣ በቃሬዛ ላይ ላለ ሰው በመንገድ ሳለ እስትንፋስ መስጠትን ተምረው፣ ለአገሪቱ ሁሉ አብነት ሆኑ። ያስተማራቸው ፒተር ሳፋር የተባለው ሐኪም ነበር፤ ይህ ሰው በአፍ እስትንፋስ የመስጠትን ጥበብ ለዓለም ያስተዋወቀ ሲሆን፣ ፍሪደም ሃውስ ከመቋቋሙ በፊት በነበረው ዓመት የገዛ ሴት ልጁን በአስም አጥቷል። መምህራችን ይህን ሲናገር ድምፁን ዝቅ ያደርግ ነበር፤ እኔም በኋላ በሥራ ላይ ሳለሁ፣ ደረቱ የሚያፏጭ ልጅ በመጣ ቍጥር ያ ያላየሁት አባት ትዝ ይለኝ ነበር።

ሕፃናት ግን በዚያ ሁሉ መሻሻል መካከል ተረስተው ኖረዋል። አምቡላንሱ የተሰናዳው በጦር ሜዳ ለቈሰለ ወታደርና ልቡ ለታወከ ጎልማሳ ስለ ነበረ፣ የእስትንፋስ መስጫው ጭምብል የሕፃኑን ፊት ከግንባሩ እስከ አገጩ ውጦ ይሸፍነው፣ በክንድ የሚጠመጠመው የደም ግፊት መለኪያ ጨርቅም ጭኑን ሁለት ጊዜ ይዞረው ነበር። ከሃዋይ የተመረጠው ሴናተር ዳንኤል ኢኖዌ ከሌሎች ጋር ሆኖ ባቀረበው ሐሳብ፣ ለሕፃናት የድንገተኛ ሕክምና የሚውል ገንዘብ በሕግ የተፈቀደው በ1984 ዓ.ም. ነው። እኔ ሥራውን በጀመርኩ ጊዜ ይህ ሕግ ገና ዐሥር ዓመት ገደማ ቢሆነው ነው፤ የሸመገሉት ነርሶችም ከዚያ በፊት የነበረውን ዘመን ሲያወሩ እንደ ዘመነ ኦሪት አድርገው ያወሩት ነበር።

ሕፃን ማለት ታናሽ የሆነ ዐዋቂ አይደለም፤ በዚያ ክፍል የሚሰጠው የመጀመሪያ ትምህርት ይህ ነው። ራሱ ከአካሉ ጋር ሲነጻጸር ከባድ፣ የራሱ ጀርባም ወደ ኋላ የወጣ ስለ ሆነ፣ በጀርባው ዘርግተው ቢያስተኙት አገጩ ወደ ደረቱ ይታጠፍና የእስትንፋሱን መንገድ ራሱ ይዘጋዋል፤ ያን ጊዜ ከትከሻው በታች የታጠፈች ቀጭን ፎጣ መጣል ብቻ ብዙ መድኃኒት የማይሠራውን ትሠራለች። ምላሱ አፉን ይሞላል፤ ጉሮሮው ከመጥበቡ የተነሣ፣ ዐዋቂን ድምፁን ብቻ የሚያጐረንን እብጠት ሕፃኑን ትንፋሽ ያሳጣዋል። ደሙ ለእያንዳንዱ ኪሎ 80 ሚሊ ሊትር ያህል ነውና፣ አምስት ኪሎ የሚመዝን ሕፃን ከነሙሉ ደሙ ግማሽ ሊትር አይሞላም። ከሁሉ የሚያስፈራው ግን ሕመሙን መሸሸጉ ነው። ዐዋቂ ሰው ሲደክም ደረጃ በደረጃ እየወረደ ይታያል፤ ሕፃን ግን ልቡን እያፋጠነ፣ ሥሮቹን እያጠበበ፣ የደሙን ግፊት እስከ መጨረሻው ሰዓት ድረስ ደህና አስመስሎ ያቆየውና፣ ኀይሉ ያለቀ ዕለት ባንድ ጊዜ ይወድቃል። ስለዚህ መሣሪያው ደህና ነው ባለ ጊዜ እንኳ የሕፃኑን የእግር ጣት ተጭኖ፣ የሸሸው ደም በስንት ቅጽበት እንደሚመለስ መቍጠር ያስፈልጋል፤ ከሁለት ሰከንድ ካለፈ ሐኪሙን መጥራት ነው። ይህ ቈጠራ የእኔ ሥራ ነበርና፣ ዛሬም በአውቶቡስ ውስጥ ጫማ ያላደረገ ሕፃን ሳይ ጣቴ ይነሣሣል።

በዚያ ክፍል ከነበረው መሣሪያ ሁሉ ልቤ የሚያደላው ለአንድ ተጣጥፎ በኪስ ለሚገባ ጥብጣብ ነው። ጄምስ ብሮስሎው የተባለ ሐኪም በ1980ዎቹ ያሰበው ሲሆን፣ ሐሳቡ ይህ ነው፤ ለሕፃን የሚሰጥ መድኃኒት ሁሉ በኪሎው ልክ ነው፣ እየሞተ ያለን ልጅ ግን በሚዛን ላይ ማስቀመጥ አይቻልም፣ የልጅ ቁመት ግን ክብደቱን በብዙው ይናገራል። ስለዚህ ጥብጣቡ ከልጁ ጎን ይዘረጋል፤ ቀዩ ጫፍ በአናቱ ትክክል ይደረጋል፤ ተረከዙ ባረፈበት ላይ ያለው ቀለም ይነበባል። ግራጫ፣ ሮዝ፣ ቀይ፣ ሐምራዊ፣ ቢጫ፣ ነጭ፣ ሰማያዊ፣ ብርቱካንማ፣ አረንጓዴ፤ ከሦስት ኪሎ አራስ ጀምሮ እስከ 36 ኪሎ ልጅ ድረስ ቀለም አለው። በየቀለሙም ውስጥ የመድኃኒቱ ልክ፣ የጉሮሮ ቱቦው ውፍረት፣ ለልብ የሚሰጠው የኤሌክትሪክ መጠን ተጽፎበታል። ጥብጣቡን የሚዘረጋው በስተግራ የቆመው ሰው ነው። «ሐምራዊ!» ብዬ ስጮኽ ስድስት ሰው ባንድነት እጁን ወደ ሐምራዊው መሳቢያ ሲዘረጋ ማየት ያስደስተኝ ነበር፤ የዓለም ሊቃውንት በየስብሰባው የማይስማሙትን ያህል፣ እነዚያ ስድስት ሰዎች በአንድ ቃል ይስማማሉና።

ነገር ግን እንዲህ ያለው ሰዓት ጥቂት ነው፤ የቀረው ሌሊት ሁሉ የሚያልፈው ልጅ በመያዝ ነው። ስለ መያዝ ጥቂት ልናገር፤ ማንም የሚያውቀው የሚመስለው፣ በደንብ የሚያውቀው ግን ጥቂት የሆነ ጥበብ ነውና። የሁለት ዓመት ልጅ መርፌ ሲያይ የሚያወጣው ኀይል የጎልማሳን ክንድ ያደክማል። ጀማሪ ሰው በኀይል ላይ ኀይል ይጨምራል፤ ልጁም ይብስበታል፤ ሐኪሙም ሥሩን ይስታል። ዐዋቂው ግን መገጣጠሚያውን እንጂ አጥንቱን አይዝም፤ ክርኑን ከላይና ከታች ደግፎ፣ አንጓውን በጣቶቹ መካከል አኑሮ፣ ክብደቱን ሳይጥል ይጠብቃል፤ ልጁ ሲታገል እጁ አብሮ ይሄዳል፣ ሲያርፍ እጁ አብሮ ያርፋል። ቀድሞ ልጁን በአንሶላ ጠቅልሎ በሰሌዳ ላይ ማሰር የተለመደ ነበር፤ በኋላ ግን እናቱ ጭን ላይ አስቀምጦ፣ ደረቱን በደረቷ አስደግፎ፣ አንዱን እጅ ብቻ ወደ ውጭ አውጥቶ መሥራት እንደሚሻል ታወቀ። ይህን አዲስ ጥበብ ብለው በሥልጠና ሲያስተምሩን፣ ልጅን በአንቀልባ አዝላ እህል የምትፈጭ እናት ያሳደገችኝ ሰው ነኝና ብዙ አልተደነቅሁም። ሐኪሙ መርፌውን ሲያቀርብ የሳሙና አረፋ የምትነፋ ሴት አጠገባችን ትቆማለች፤ ሥራዋ ልጆችን ማጫወት ብቻ ነው፣ ለዚህም ዲግሪ አላት፤ መጀመሪያ ሳያት የሀብታም አገር ቅንጦት መስሎኝ ነበር፣ ሳልውል ሳላድር ግን ያለ እርሷ መሥራትን ጠላሁ።

ከዚያ ሁሉ መያዝ አንዱን ብቻ ላውራ። አንዲት ያገሬ ሴት የሦስት ዓመት ወንድ ልጇን አቅፋ፣ እናቷንም አስከትላ፣ ከእኩለ ሌሊት ጥቂት ቀደም ብላ ገባች። ልጁ በአፍንጫው ቀዳዳ የሽምብራ ቆሎ ከትቷል። ጥፋቱ የማን እንደ ሆነ ከመግባታቸው በፊት በመኪና ውስጥ የተከራከሩበት ይመስላል፤ ልጂቱ ወደ እናቷ አታይም፣ አሮጊቷም ነጠላቸውን አጣፍተው ግድግዳ ግድግዳውን ያያሉ። ሽምብራ በእርጥበት ያብጣልና ሲቆይ አወጣጡ ይከፋል፤ ሐኪሟ መቈንጠጫ ብታቀርብ ልጁ ራሱን እየወዘወዘ አላስጠጋ አለ። ሐኪሟም ወደ እናትየው ዘወር ብላ አንድ ነገር ነገረቻት፤ እርሷም እንግሊዝኛውን ሰምታ ያልሰማች መሰላትና ወደ እኔ አየች። «እኅቴ፣ በትክክል ሰምተሻል» አልኳት፤ «ባዶውን ቀዳዳ በጣትሽ ድፈኝው፣ አፍሽን በአፉ ላይ ግጠሚና ባንድ ጊዜ እፍ በይበት።» አሮጊቷ ይህን ጊዜ ከግድግዳው ዘወር አሉ። «አንተ ልጅ፣ ሐኪም ቤት ነው ወይስ ጠንቋይ ቤት ነው ያመጣችኝ?» ቢሉኝ፣ «እማማ፣ በመጽሐፍ የተጻፈ ነው፣ ይታገሡ» አልኳቸው። እኔ የልጁን ራስ በሁለት እጄ፣ ጆሮዎቹን ሳልጫን፣ ያዝኩለት፤ እርሷ ነፋች፤ ሽምብራው ከነንፍጡ ወጥቶ በሐኪሟ መነጽር ላይ ዐረፈ። ልጁ ከልቅሶው ወደ ሣቅ ሲዞር አሮጊቷ እልል አሉና ክፍሉ ሁሉ ተደናገጠ፤ የጥበቃው ሰውም ሮጦ መጣ። ከዚያ በኋላ ሽምብራውን በጨርቅ ጠቅልለው በመቀነታቸው ሲቋጥሩት አይቻለሁ፤ ለምን እንደ ሆነ አልጠየቅሁም።

የሥራ ባልንጀሮቼ፣ የቤተ ክህነት ትምህርት ያለህ ሰው የሰው ልጅ ዓይነ ምድር ስትጠርግ አይከብድህም ወይ ብለው በቅን ልብ የጠየቁኝ ጊዜ ነበር። እኔም የምመልስላቸው በልዕልት ፀሐይ ታሪክ ነበር። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ልዕልት ፀሐይ በስደቱ ዘመን በሎንዶን ከተማ ግሬት ኦርመንድ ስትሪት ከሚባለው የሕፃናት ሐኪም ቤት ገብተው፣ እንደ ማንኛዋም ተማሪ አልጋ እያነጠፉና ሕፃናት እያጠቡ ተምረው፣ በ1939 ዓ.ም. እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር የሕፃናት ነርስነት ማዕርግ ተቀብለዋል። አገራቸው ነጻ ወጥታ ከተመለሱ በኋላ ግን ብዙ ሳይሠሩ በ1942 ዓ.ም. በነቀምት በወሊድ ምክንያት አረፉ፤ በስማቸውም በአዲስ አበባ ሐኪም ቤት ተሠራ። የንጉሠ ነገሥት ልጅ ያላፈረችበትን እኔ የማፍርበት ምክንያት የለኝም ስላቸው፣ ባልንጀሮቼ ታሪኩን ወደዱት፤ አንዲቱ ነርስ እንዲያውም ከዚያ ወዲህ አልጋ ማንጠፍ በሰለቻት ቍጥር «ልዕልቷ የት አለች?» እያለች እኔን ትጠራ ጀመር።

ድንገተኛ ክፍል የራሱ ባሕረ ሐሳብ አለው። ከኅዳር እስከ የካቲት ሳንባን የሚይዘው ጉንፋን ሕፃናቱን ያንኰራፋቸዋል፤ በመንፈቀ ሌሊት እንደ ውሻ የሚጮኽ ሳል ይዞ የመጣ ልጅ፣ በመንገድ ቀዝቃዛ አየር ነክቶት ከበሩ ሲደርስ ይሻለዋል፣ ወላጆቹም ያፍራሉ። በበጋ ከመስኮት የወደቀ፣ ከመዋኛ የወጣ፣ በጁላይ 4 በዓላቸው ጣቱን በርችት ያቃጠለ ይመጣል፤ ትምህርት ቤት ሲከፈት ደግሞ አስሙ ይነሣል። በእኔ ዘመን የቀነሱ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው በመጽሐፍ ላይ በቀይ ቀለም ተጽፎ የተማርኩት፣ የጉሮሮን ክዳን በጥቂት ሰዓት አሳብጦ የሚያንቅ በሽታ ነው፤ ነርሶቹ ስሙ ሲጠራ ፊታቸው ይለወጥ ነበር፣ እኔ ግን ከክትባቱ በኋላ የመጣሁ ስለ ሆንኩ ፈርቼው ሳላየው ቀረ። ሁለተኛው ተኝቶ ሳለ ያለ ምክንያት የሚሞት ሕፃን ነው። በ1994 ዓ.ም. ሕፃናት በጀርባቸው ይተኙ የሚል ዘመቻ ተጀምሮ እንዲህ ያለው ሞት በጥቂት ዓመታት ውስጥ በግማሽ ያህል ቀነሰ፤ መድኃኒት ሳይቀምሱ፣ መርፌ ሳይወጉ፣ በአተኛኘት ብቻ። ይህን ለእናቶች ስናገር በየጊዜው ከአያቶች ጋር ሙግት ገጥሜያለሁ፤ አያቶቹ ልጅ በሆዱ ካልተኛ ያንቀዋል፣ ይደነግጣል ይላሉ፤ እኔም ከአያት ጋር ተሟግቶ የረታ ሰው እስከ ዛሬ አላየሁም።

ያገሬ ሰዎች ከጆርጂያ ጎዳናና ከሲልቨር ስፕሪንግ ብዙ ይመጡ ነበር። በ2004 ዓ.ም. የከተማው ሕግ አማርኛን በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች አስተርጓሚ ከሚቀርብላቸው ቋንቋዎች አንዱ ከማድረጉ በፊት፣ ልጅ ለእናቱ ሲያስተረጕም፣ የሚያሳፍረውን ሲዘል ሰምቻለሁ። በኋላ በስልክ የሚያስተረጕም ሰው መጣ፤ ለእኔ ግን ፈቃድ ስለሌለኝ የሕክምናውን ነገር ማስተርጐም አልተፈቀደልኝም፣ አይዞሽ ማለትን ግን ማንም አልከለከለኝም። «ምች መቶት ነው» የምትልን እናት አስተርጓሚው ፀሐይ መታው ብሎ ሲያልፋት፣ ሐኪሙ በጥር ወር ምን ፀሐይ አለ ብሎ ሲገረም፣ እኔ ቃሬዛውን ይዤ በስተግራ ጥርሴን እነክስ ነበር። ማዕተብም ብዙ ጊዜ ያስቸግራል። ራጅ ሊነሣ የተዘጋጀ ልጅ በአንገቱ ያለችውን ክር አንዲት ነርስ በመቀስ ልትቈርጥ ብትጠጋ፣ አባትየው ክንዷን ያዘ፤ ነገሩ ወደ ጠብ ሊያመራ ሲል፣ በክሩ ጫፍ ያለችውን የብር መስቀል ከደረቱ አንሥቼ ወደ ማጅራቱ አዙሬ በትከሻው ላይ በፕላስተር አጣበቅኋት። ራጁም ተነሣ፣ ክሩም ተረፈ። ከዚያ በኋላ በዚያ ክፍል ማዕተብ በመቀስ ሲነካ አላየሁም፤ ነርሷ ራሷ ለአዳዲሶቹ ታስተምራቸው ነበር።

ከዚያ ሁሉ ሌሊት አንዱን በጻዕር አስታውሰዋለሁ። በክረምታቸው እኩሌታ፣ በረዶ በሚወርድበት ሌሊት፣ ገና አርባ ቀን ያልሞላው ወንድ ሕፃን መጣ፤ አባቱ በኮቱ ውስጥ ሸሽጎት፣ እናቱ በነጠላ ጫማ። ያ የሳንባ ጉንፋን ታላላቆቹን ያስላል፣ አራሶቹን ግን እስትንፋስ ያስረሳቸዋል፤ ልጁ ለአፍታ ይተነፍሳል፣ ከዚያም ይተዋል፣ ከንፈሩም ይጠቍራል። ጥብጣቡን ዘረጋሁ፤ ግራጫ ነበር። ነርሷ በትንሿ ጭምብል አየር ስትሰጠው የልቡ ምት ከ60 በታች ወረደ፤ ሐኪሙም ወደ እኔ አየ። አራስን የሚጫኑት እንደ ዐዋቂ በሁለት መዳፍ አይደለም፤ ሁለቱ እጆች ደረቱን ዙሪያውን ይይዛሉ፣ ጣቶቹ በጀርባው ይገናኛሉ፣ ሁለቱ አውራ ጣቶች በደረቱ መካከል ይጫናሉ፤ ዐሥራ አምስት ጊዜ ተጭነው ለሁለት እስትንፋስ ያርፋሉ። ያን ያህል የተጠጋሁት ሰው በሕይወቴ የለም። ድምፄን ከፍ አድርጌ እየቈጠርኩ ሳለ፣ እናትየው ከጀርባዬ ሆና «ወንድሜ፣ አልተጠመቀም እኮ» አለችኝ። ክህነቴ ዲቁና ነውና ማጥመቅ አልችልም፤ ቈጠራውንም ማቋረጥ አልችልም። «አባትየው ለንስሓ አባታችሁ ይደውል» አልኩና ወደ ቍጥሬ ተመለስኩ።

ልቡ ተመለሰ። ቱቦ ገባለት፤ ወደ ላይኛው ፎቅ፣ ጽኑ ሕሙማን ወደሚጠበቁበት ክፍል ለመውሰድ ሲሰናዳ፣ ካህኑ በካፖርታቸው ላይ በረዶ እንደ ያዘ፣ ጥምጥማቸውን በፕላስቲክ ከረጢት ሸፍነው ደረሱ። የበሩ ጠባቂ መታወቂያ ቢጠይቃቸው መስቀላቸውን አሳዩት፤ እርሱም ሊሳለመው ይሁን ሊመዘግበው ግራ ገብቶት ሲያይ፣ እኔ ሄጄ አስገባኋቸው። ከአሳንሰሩ በር ላይ ተለየኋቸው፤ በሦስት ቍጥር አልጋ ላይ ክንዱ የተሰበረ ልጅ ይጠብቀኝ ነበርና።

የዚያ ሕፃን ፍጻሜ ምን እንደ ሆነ አላውቅም። ይህ ነገር በሌላ ሙያ ላለ ሰው ለማመን ያስቸግረዋል፤ ድንገተኛ ክፍል ግን የታሪኩን መካከል ብቻ የሚያይ ቤት ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የሕሙማንን ምስጢር የሚጠብቅ ሕግ፣ በእጄ ያልሆነን ሕመምተኛ መዝገብ እንዳላይ ይከለክለኛል፤ ሕጉ መልካም ነው፣ በእኔም ልጅ ቢሆን እንዲከበር እወድ ነበር። ወላጆቹም ተመልሰው አልመጡም፤ ሰው ደግሞ እንዲህ ያለ ሌሊት ያሳለፈበትን ቤት ሊጐበኝ አይመለስም፣ አይፈረድበትም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ይህ አለማወቅ እንቅልፍ ይነሣኝ ነበር፤ ኋላ ኋላ ግን በቅዳሴ መብራት የሚይዘው ወጣት የቈራቢዎቹን ኑሮ ተከትሎ እንደማይመረምር አስቤ ተውኩት። ጉልበቴ ቃሬዛ መግፋት እንቢ ባለኝ ጊዜም ሥራውን ያለ ብዙ ሥነ ሥርዓት ለቀቅሁ።

ዛሬ በእሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ ስንቀመጥ፣ እናቶች ልጆቻቸውን እየጐተቱ ወደ እኔ መምጣታቸው አልቀረም። ሐኪም አይደለሁም ብል የሚሰማኝ የለም። ባለፈው አንዲቱ መጥታ «ጋሼ፣ ይህ ልጅ ትኩሳት አለው፣ የትኩሳቱን ሽሮፕ ስንት ልስጠው?» ብትለኝ፣ ኪሎው ስንት ነው አልኳት። «ሠላሳ» አለች። ሠላሳ ኪሎ ነው ወይስ ሠላሳ ፓውንድ ብላት፣ «እኔ ምን አውቃለሁ፣ ሚዛኑ ያለው ነዋ» አለችኝ። ልጁን ከፊቴ አቁሜ ከአናቱ እስከ ተረከዙ በዓይኔ ለካሁትና ሳላስበው ጮክ ብዬ «ቢጫ ነው» አልኩ። እርሷም «ውይ በሞትኩት! የወፍ በሽታ ነው?» ብላ ልጁን አንሥታ ዓይኑን በጣቷ ከፍታ ማየት ጀመረች፤ አጠገቧ ያሉትም ሴቶች ተሰብስበው ዓይኑን ሲመረምሩ፣ የቀለሙን ነገር አስረድቼ፣ ወደ ልጁ ሐኪም እንድትደውል አግባብቼ እስክጨርስ ቡናው ሦስተኛው ደረሰ።